ኮምፒውተርን አዳፍኖ ማሳደር፦ ስሊፕ፣ ሃይበርኔት እና መብራት የሚሄድበት ቤት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ቢሮ ውስጥ ግማሽ ቀን የፈጀብኝ የኤክሴል ሠንጠረዥ ነበረኝ። አመሻሽ ላይ ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ ስሊፕ የሚለውን ተጫንኩና ወጣሁ። ሴቭ አላደረግኩም። ለምን አደርጋለሁ? ጠዋት ኪቦርዱን ነካ ሳደርገው ሁሉም በነበረበት ይጠብቀኛላ።

ሌሊት መብራት ሄዷል። ጠዋት ኪቦርዱን ነካሁት፤ ዝም። ማስነሻውን ተጫንኩት፤ ኮምፒውተሩ «ሀ» ብሎ ተነሳ። ከሠንጠረዡ የተረፈው ከሻይ ሰዓት በፊት የሠራኋት ጥቂት መስመር ብቻ ነበረች።

በመብራቱ ተናደድኩ። ግን ጥፋቱ የእኔም ነበር። ስሊፕ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነበር ሙሉ በሙሉ የማምነው።

እናቶቻችን ማታ እሳት ሲያዳፍኑ አይታችሁ ይሆናል። ፍሙን አያጠፉትም። አመድ ያለብሱትና ያሳድሩታል። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገው፣ ጭራሮ ጨምረው እፍ ሲሉበት ያለ ክብሪት ይያያዛል። ስሊፕ ማለት ይኸው ነው። ፍሙ ግን ማደር አለበት። ውሃ ከነካው ጎረቤት ቤት እሳት ልትጭሩ መሄዳችሁ ነው። የኮምፒውተሩ ፍም ደግሞ ከሶኬቱ ወይም ከባትሪው የሚመጣው ትንሽ ኃይል ነው።

በብዛት የማወራው ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። ማክና ሊኑክስ ላላችሁ ወደ መጨረሻው አጠር ያለ ነገር አለ። የሜኑዎቹን ስም ስክሪኑ ላይ እንደሚነበቡት በእኛ ፊደል ጽፌአቸዋለሁ።

ሲተኛ ውስጡ ምን ይሆናል?

ይህን ክፍል ዘላችሁ ወደ ደረጃ 1 መሄድ ትችላላችሁ። ግን ባትዘሉት ይሻላል፤ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመነጨው።

ስሊፕ ስትሉት ዊንዶውስ መጀመሪያ ለተከፈቱት ፕሮግራሞች «ልንተኛ ነው» ብሎ ይነግራቸዋል። ቀጥሎ እያንዳንዱን ዕቃ ወደሚያሠሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ወደ ድራይቨሮቹ ይሄዳል፤ ወደ ዋይፋዩ፣ ወደ ድምፅ ካርዱ፣ ወደ ዲስኩ። እያንዳንዱ ዕቃ የጀመረውን ይጨርስና ኃይሉን ዝቅ ያደርጋል። ፕሮሰሰሩም በእጁ የያዘውን ሁሉ ራም ላይ፣ ማለትም የተከፈተው ሥራ በሚቀመጥበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ፣ ያራግፋል። በመጨረሻ ሲስተሙ ሁሉም ዕቃ ለተሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ ለማዘርቦርዱ፣ አንዲት ምልክት ይሰጠዋል። ማዘርቦርዱ የፕሮሰሰሩን፣ የዲስኩን፣ የስክሪኑንና የማራገቢያውን ኃይል ይቆርጣል። ኃይል የሚቀረው ለራሙ እና ለመቀስቀሻዎቹ ነው፤ ለማስነሻ ቁልፉ፣ ለኪቦርዱ፣ አንዳንዴም ለኔትወርክ ካርዱ።

ራሙ ለምን ኃይል ያስፈልገዋል? ራም ውስጥ እያንዳንዷ ቢት (ትንሿ የመረጃ ቅንጣት) በኢምንት ካፓሲተር (ቻርጅ መያዣ) ውስጥ የተቀመጠች ቻርጅ ናት። ካፓሲተሯ ደግሞ እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ታፈሳለች። ስለዚህ ራም በተለመደው አሠራር በየ64 ሚሊሰከንዱ ያለውን ሁሉ እያነበበ መልሶ ይሞላል። አንድ ሰከንድ ውስጥ ከ15 ጊዜ በላይ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ተኝቶም ይህ ሥራ አይቆምም። ራሙ ለብቻው እየሠራው ያድራል። ኃይሉ ሲቋረጥ እንስራው ባዶ ይሆናል። የእኔ ሠንጠረዥ የሄደው እዚያ ነው።

ስትቀሰቅሱት ባዮሱ፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ ይነሳና «ተኝቼ ነበር ወይስ ጠፍቼ?» ብሎ ያጣራል። ተኝቶ ከነበረ ዊንዶውስን ከዜሮ አያስነሳም። ራም ላይ ወደቆመበት ቦታ ዘሎ ይገባና ካቆመበት ይቀጥላል። ሰከንዶች የሚፈጅበት ለዚህ ነው።

ይህን የእንቅልፍ ዓይነት ባለሙያዎች «ኤስ3» ይሉታል። ስሙ የመጣው ኤሲፒአይ ከሚባለው ስምምነት ነው። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በፈረንጆቹ 1996 መጨረሻ አወጡት። ከዚያ በፊት የኃይል ቁጠባው ሥራ በአብዛኛው የባዮሱ ነበር። ኤሲፒአይ ግን ውሳኔውን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሰጠው።

ሁለተኛው ዓይነት ሃይበርኔት ነው፤ «ኤስ4»። እዚህ ኮምፒውተሩ ራም ላይ ያለውን ዲስኩ ላይ በአንድ ትልቅ ፋይል ይጽፍና ኃይሉን ይቆርጣል። ገመዱን ነቅላችሁ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውን አውጥታችሁ ለወር ብታስቀምጡትም ግድ የለውም። ስታስነሱት ፋይሉን ወደ ራም ይመልሰውና የከፈታችሁት ሁሉ በቦታው ይገኛል። ዋጋው ሁለት ነው። ከስሊፕ ይዘገያል፣ ዲስክም ይይዛል። ዊንዶውስ 10 ላይ ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ከራሙ 40 በመቶ ያህል ነው። 8 ጊጋ ራም ላለው ማሽን ከ3 ጊጋ ትንሽ ይበልጣል።

ሦስተኛው ሁለቱን ያጋባል፤ ሃይብሪድ ስሊፕ ይባላል። ሥራውን ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ እንደ ስሊፕ ራሙን ሕያው አድርጎ ይተኛል። መብራት ካልሄደ ቶሎ ይነሳል። ከሄደ ከዲስኩ ያነሳዋል። መብራት ለሚሄድበት አገር ሆን ብለው የሠሩት ነው የሚመስለው።

አራተኛው አዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ያለው ሞደርን ስታንድባይ ነው። ይህ እውነተኛ እንቅልፍ አይደለም። ስክሪኑ ይጠፋል እንጂ ማሽኑ እንደ ስልክ በአንድ ዓይኑ ነቅቶ ያድራል። ኢሜይል ሊቀበል፣ አፕዴት ሊያወርድ ይችላል። ሐሳቡ በዊንዶውስ 8 ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 2012፣ በሌላ ስም ነበር የመጣው። በግሌ ብዙም አልወደውም። ምክንያቱን ቦርሳ ስለሚያግለው ላፕቶፕ ሳወራ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ማሽናችሁን ጠይቁት

የትኛውን እንቅልፍ እንደሚችል መገመት አያስፈልግም። ስታርት ላይ «ሲኤምዲ» የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፉ። ኮማንድ ፕሮምፕት ሲመጣ በቀኝ ክሊክ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» በሉት። ጥቁር መስኮት ይከፈታል።

እዚያ የምትጽፉት ትዕዛዝ «ፓወር ሲኤፍጂ» ይባላል። በእንግሊዝኛ ፓወር የሚለውን ቃል ጽፋችሁ ሲ፣ ኤፍ እና ጂን ሳትለያዩ ቀጥሉበት። ከዚያ አንድ ክፍት ቦታ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመችው ስላሽ፣ ከዚያ ኤ። ኢንተር በሉ።

መልሱ ሁለት ክፍል ነው። ከላይ ያለው ማሽኑ የሚችለው ነው፣ ከታች ያለው የማይችለው ከነምክንያቱ። ከላይ ስታንድባይ ኤስ3 ካያችሁ የድሮው ጥሩ ስሊፕ አላችሁ። ስታንድባይ ኤስ0 ሎው ፓወር አይድል ካለ ማሽናችሁ ሞደርን ስታንድባይ ነው። ሃይበርኔት ከታች ሆኖ «አልተከፈተም» ዓይነት ነገር ካለ አትጨነቁ፤ የሚቀጥለው ደረጃ ለዚያ ነው።

ስታንድባይ የሚባል ነገር ጨርሶ ከሌለ ብዙውን ጊዜ የጎደለው የስክሪን ድራይቨር ነው። አዲስ ዊንዶውስ የተጫነበት ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ጫኚው ድራይቨሮቹን ሳይጨርስ ያስረክባችኋል። ስሊፕ የሚለው ከሜኑው ሲጠፋ «ኮምፒውተሩ ተበላሸ» ትላላችሁ። የግራፊክስ ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑና እንደገና ጠይቁት።

ደረጃ 2፦ ሃይበርኔትን ከተደበቀበት አውጡት

ዊንዶውስ ሃይበርኔትን ብዙ ማሽን ላይ ከሜኑው ይደብቀዋል። መጀመሪያ በዚያው ጥቁር መስኮት ፓወር ሲኤፍጂ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ኤች፣ ክፍት ቦታ፣ «ኦን» ብላችሁ ኢንተር። ምንም መልስ ካልሰጣችሁ ተሳክቷል ማለት ነው።

ከዚያ ኮንትሮል ፓነል ግቡ፣ ፓወር ኦፕሽንስን ክፈቱ። በግራ በኩል «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» የሚል አለ፤ እሱን። ከታች ያሉት ምርጫዎች ደብዝዘው እምቢ ካሏችሁ ከላይ «ቼንጅ ሴቲንግስ ዛት አር ከረንትሊ አንአቬይለብል» የሚለውን ተጫኑ። አሁን ሃይበርኔት ላይ ምልክት አድርጉና ሴቭ በሉት። ስታርት ውስጥ ያለውን የፓወር ምልክት ስትነኩ ከስሊፕ አጠገብ ይገኛል።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን ወስኑ

ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ከዚያ ስለ ፓወር የሚያወራውን ክፍል ክፈቱ። ዊንዶውስ 10 ላይ «ፓወር ኤንድ ስሊፕ» ይላል። 11 ላይ ላፕቶፕ ከሆነ «ፓወር ኤንድ ባተሪ»።

እኔ ስክሪኑን 5 ደቂቃ፣ ስሊፑን በባትሪ 15፣ በመብራት 30 ደቂቃ ነው የማደርገው። ስብሰባ የሚበዛበት ሰው ያረዝመው። ስክሪን መጥፋትና መተኛት አንድ እንዳልሆኑ ልብ በሉ። ስክሪኑ ሲጠፋ ሌላው ሁሉ እየሠራ ነው፣ ማራገቢያው ሳይቀር።

ቁጠባው ምን ያህል ነው? እንደየማሽኑ ይለያያል። ለምሳሌ ሥራ ፈቶ 60 ዋት የሚበላ ዴስክቶፕ እንውሰድ። ከማታ እስከ ጠዋት 14 ሰዓት በርቶ ቢያድር 840 ዋት ሰዓት ነው፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ያው ማሽን ተኝቶ 3 ዋት ቢወስድ 42 ዋት ሰዓት ብቻ። ሃያ እጥፍ ልዩነት። አንድ ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ይመስላል። ሃያ ኮምፒውተር ያለው ቢሮ ግን ሒሳቡን ራሱ ይሥራ።

ደረጃ 4፦ ዴስክቶፕ ከሆነ ሃይብሪዱን አረጋግጡ

ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም። መብራት ሲሄድ ፍሙ ወዲያው ይሞታል። የመጀመሪያውን ጥፋቴን የሚያድነው ይህ ደረጃ ነበር።

ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ከምትጠቀሙበት ፕላን አጠገብ «ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ቼንጅ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ»። ትንሽ መስኮት ትከፈታለች። ስሊፕ የሚለውን ዘርጉት። «አላው ሃይብሪድ ስሊፕ» ኦን ይሁን። ከሌለ ወይ ሃይበርኔት አልተከፈተም፣ ወይ ማሽኑ አይደግፈውም። ካልደገፈ ለምሳ ስሊፕ፣ ለማደር ሃይበርኔት ልማድ ይሁናችሁ።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ያላችሁ እንዳትዘናጉ። የተለመደው የቢሮ ዩፒኤስ ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ እንድትዘጉ ጊዜ ይሰጣችኋል እንጂ ሌሊቱን አያሳድርም። ደግሞም መብራት ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ የኃይል ግፊት ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ሃይበርኔት ያደረጋችሁትን ኮምፒውተር ገመዱን ከሶኬቱ ነቅላችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ያለ ሃይብሪድ ስሊፕ ያደረጋችሁትን አትችሉም።

ደረጃ 5፦ ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑንና ባትሪውን አስተካክሉ

ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ቢሄድም አይደነግጥም። ችግሩ ባትሪው ራሱ ነው። በዚያችው ትንሽ መስኮት ባተሪ የሚለውን ዘርጉት። «ክሪቲካል ባተሪ አክሽን» ሃይበርኔት መሆኑን አረጋግጡ። «ክሪቲካል ባተሪ ሌቭል» ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ባትሪያችሁ ጤነኛ ከሆነ ተዉት።

ባትሪው ያረጀ ከሆነ ግን ከፍ አድርጉት። ያረጀ ባትሪ ይዋሻል። 20 በመቶ ይልና ድንገት ጭልም ይላል። 5 በመቶ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሴቲንግ እንዲህ ላለው ባትሪ ዋጋ የለውም። እኔ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ በነበረ ጊዜ 25 ላይ አድርጌው ነበር። ሰዓቱ አጠረብኝ፣ ሥራዬ ግን ጠፍቶ አያውቅም።

ስሊፕ ውስጥ ደግሞ «ሃይበርኔት አፍተር» የሚል አለ። በባትሪ 60 ደቂቃ አድርጉት። ተኝቶ አንድ ሰዓት ካለፈው ራሱ ወደ ዲስክ ጽፎ ይጠፋል። ለምሳ ወጥታችሁ ሳትመለሱ ብትቀሩ ባትሪው እንዳለ ይጠብቃችኋል።

ክዳኑን ስትዘጉ ምን እንደሚሆን የሚወሰነው እዚያው የፓወር በተኖቹ ገጽ ላይ ነው፤ «ዌን አይ ክሎዝ ዘ ሊድ»። ኤስ3 ካላችሁ ስሊፕ ይሁን። ሞደርን ስታንድባይ ከሆነ በባትሪው በኩል ሃይበርኔት አድርጉት።

ደረጃ 6፦ ስትሄዱ

ኮንትሮል ኤስ። ሴቭ ማለት ነው። ስሊፕም ሃይበርኔትም ሴቭን አይተካም። ድራይቨር ሊወድቅ፣ ሲነቃ ሊንጠለጠል ይችላል።

ፍላሽና ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ካለ «ኢጀክት» ብላችሁ ንቀሉ። ማሽኑ ከተኛ በኋላ መንቀል ፋይል ሊያበላሽ ይችላል፤ ሲነቃ ዕቃው እንዳለ አድርጎ ነው የሚያስበው።

ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍን ከኤክስ ጋር ተጫኑ፣ ዩ፣ ኤስ። ተኛ። ለሃይበርኔት መጨረሻው ኤች ነው። ሦስት ቀን ስትጠቀሙት ጣት ይለምደዋል።

ቦርሳ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ትንሽ ጠብቁ። ማራገቢያው ዝም ሲል፣ ማሽኑ ላይ ያለችው ትንሿ መብራት ስትጠፋ ወይም ቀስ ብላ ብልጭ ድርግም ማለት ስትጀምር ነው የተኛው። የሚሽከረከር የድሮ ሃርድ ዲስክ ካለው ይህ የግድ ነው። እየጻፈ ያለ ዲስክ መንጋጋት አይወድም። ሃይበርኔት ደግሞ በእንዲህ ያለ ዲስክ ግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

አልተኛም ሲል

ሰዓቱን ሞልታችሁ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ፍጥጥ ብሎ ካደረ አንድ ሰው «እንዳትተኛ» ብሎታል። ማን እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። በአድሚኒስትሬተር በተከፈተው ጥቁር መስኮት ፓወር ሲኤፍጂ፣ ስላሽ፣ «ሪኩዌስትስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል። በየርዕሱ ሥር የከለከለው ይዘረዘራል። ሁሉም ሥር በእንግሊዝኛ «ነን» (ምንም) ካለ ከልካይ የለም።

ብዙ ጊዜ የማገኛቸው ሦስት ናቸው። አንደኛው ድምፅ ነው። ብራውዘር ውስጥ ከተከፈቱት ሠላሳ ገጾች አንዱ ላይ ቪዲዮ ይዞራል፤ ዝጉት። ሁለተኛው የሚያወርድ ፕሮግራም ነው፤ ቶረንትና መሰሎቹ። ሦስተኛው ቢሮ ውስጥ ያጋጥማል፤ «ኤስአርቪኔት» የሚል ስም ይታያል። የሥራ ባልደረባችሁ በኔትወርክ ከእናንተ ኮምፒውተር ላይ የተካፈለ ፎልደር ከፍቷል ማለት ነው። ማሽኑን አትውቀሱት፤ እንግዳ እያለ ባለቤት አይተኛም።

ሌሊት ብቻውን ሲነሳ

አስተኝታችሁት ከተኛችሁ በኋላ ስክሪኑ ድንገት ክፍሉን ያበራዋል። ቤት ውስጥ አሮጊት ካሉ ጸበል ይረጩበታል። መንስኤው ግን ብዙውን ጊዜ ማውስ ነው።

ፓወር ሲኤፍጂ፣ ስላሽ፣ «ላስትዌክ» ሳትለያዩት። መጨረሻ ማን እንደቀሰቀሰው ይነግራችኋል። ማውስ ወይም ኔትወርክ ካርድ ከሆነ ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ፣ ዕቃውን ፈልጉ፣ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ፣ ፓወር ማኔጅመንት። «አላው ዚስ ዲቫይስ ቱ ዌክ ዘ ኮምፒውተር» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ጠረጴዛው ሲነቃነቅ የሚነሳ ማውስ ቀስቃሽ መሆን የለበትም። ኪቦርዱን ግን ተዉት፤ የምትቀሰቅሱበት ይኑራችሁ።

ቀስቃሹ ዕቃ ካልሆነ ቀጠሮ ነው። አፕዴት ሌሊት ለመጫን ማሽኑን ያስነሳል። አድቫንስድ መስኮቱ ውስጥ ስሊፕ ሥር «አላው ዌክ ታይመርስ» አለ፤ ዲስኤብል አድርጉት። አፕዴቱ ቀን ይጫናል፣ ምንም አይቀርባችሁም።

ቦርሳ ውስጥ ሲግል

ክዳኑን ዘግታችሁ ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ፣ ታክሲ ተሳፍራችሁ ስትደርሱ ላፕቶፑ እንደ ምጣድ ግሏል። ባትሪውም ግማሽ ሆኗል። ይህ የሞደርን ስታንድባይ ጠባይ ነው። በአንድ ዓይኑ ነቅቶ ነበራ፤ የሆነ ነገር ሥራ ሰጠውና አየር በሌለበት ቦርሳ ውስጥ ሲሠራ መጣ።

ማን ሥራ እንደሰጠው ለማወቅ ፓወር ሲኤፍጂ፣ ስላሽ፣ «ስሊፕስተዲ» ሳትለያዩት። ሪፖርት ሠርቶ ያስቀመጠበትን ፎልደር ይነግራችኋል፤ በብራውዘር ክፈቱት። የትኛው እንቅልፍ ብዙ ባትሪ እንደበላ፣ ውስጡ ማን እንደነበረ በቀለም ያሳያል። ብዙ ሰው ግን ይህን ለማንበብ ጊዜ የለውም። ቀላሉ መፍትሔ የነገርኳችሁ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ሃይበርኔት ይሁን። ሲነሳ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል። ቦርሳችሁ ግን ይቀዘቅዛል፣ ባትሪውም በተዋችሁበት ይገኛል።

ሌላም ጥቅም አለው። ኮምፒውተሩ ተኝቶ እያለ የዲስኩ መቆለፊያ ቁልፍ ራሙ ላይ ነው ያለው። ሃይበርኔት ላይ ራሙ ባዶ ነው። ዲስኩን ለቆለፈና የሰው ምሥጢር በላፕቶፑ ይዞ ለሚንቀሳቀስ፣ ለጠበቃ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

አልነቃም ሲል

ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ከዚያ ማስነሻውን አንዴ ነካ። ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ማሽኑ ነቅቷል፤ ያልነቃው ስክሪኑ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቢን አንድ ላይ ተጫኑ። ይህ የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል። አጭር ድምፅ ሰምታችሁ ምስሉ ሊመለስ ይችላል።

ካልሆነ ማስነሻውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት። ሴቭ ያልተደረገው ሄደ። ይህ ከተደጋገመ የግራፊክስ ድራይቨሩንና ባዮሱን አፕዴት አድርጉ። ባዮስ አፕዴት ስታደርጉ ግን መብራት የማይሄድበትን ሰዓት ምረጡ፤ መካከል ላይ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን።

ማክና ሊኑክስ

የማክ ላፕቶፕ ባለቤቶች ይህን ሁሉ አያውቁትም። ክዳኑን ዘግተው ይሄዳሉ። ላፕቶፖቹ ከመጀመሪያው ሁለቱንም ያደርጋሉ፤ ራሙን ሕያው ያቆያሉ፣ ቅጂውን ደግሞ ዲስክ ላይ ያስቀምጣሉ። ባትሪ ቢያልቅ ሥራው አይጠፋም። የማክ ዴስክቶፖች ግን በነባሪው ቅጂ አያስቀምጡም። መብራት ከሄደ ዕጣቸው እንደ እኔ ሠንጠረዥ ነው። አልተኛ ያለ ማክ ካላችሁ አክቲቪቲ ሞኒተርን ክፈቱ፤ ኢነርጂ ሥር «ፕሪቬንቲንግ ስሊፕ» የሚል ዓምድ አለ። «የስ» የሚለው ነው ከልካዩ።

ሊኑክስ ላይ ስሊፕ «ሰስፔንድ» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ያለ ችግር ይሠራል። ሃይበርኔት ግን እንደ ኡቡንቱ ያሉት ላይ በራሱ አይበራም። የራማችሁን ይዘት የሚችል ስዋፕ ቦታ (ዲስክ ላይ ለራም መደገፊያ የሚለይ ቦታ) ማዘጋጀት አለባችሁ። ዲስኩን ገና ስትከፋፍሉ አስቡበት፤ በኋላ ማስፋት ራስ ምታት ነው።

ሻት ዳውን የሚባለውም

በነገራችን ላይ፣ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሻት ዳውን ስትሉ ብዙ ማሽን ላይ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ፕሮግራሞቻችሁን ይዘጋል፣ የሲስተሙን እምብርት ግን ሃይበርኔት ያደርገዋል። ቶሎ እንዲነሳ ነው፤ ፋስት ስታርትአፕ ይባላል። ስለዚህ ኮምፒውተራችሁ ሲያስቸግር አጥፍቶ ማብራት ላይፈታው ይችላል። ሪስታርት በሉት፤ ከዜሮ የሚያስነሳው እሱ ነው።

አሁን ሞክሩት

ያስተካከላችሁት መሥራቱን ለማወቅ መብራት እስኪሄድ አትጠብቁ። ሌላውን ሁሉ ሴቭ አድርጋችሁ ዝጉ። ኖትፓድ ክፈቱና «ደህና እደር» ብላችሁ ጻፉ፣ ሴቭ አታድርጉት። ሃይብሪድ ያበራችሁበትን ዴስክቶፕ ስሊፕ አድርጉት። ዝም እስኪል አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ገመዱን ከሶኬቱ ንቀሉና ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።

ሰኩት፣ አስነሱት። «ደህና እደር» የምትለው በቦታዋ ካለች ጨርሳችኋል። ከሌለች ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።